ኦይለር፣ ሩንገ-ኩታ ወይስ ሌላ? በፍሰት ሲሙሌሽን ውስጥ ቅንጣት ለመከታተል የቱ ስኪም ያዋጣል

«የቅንጣትን ጉዞ እርምጃ በእርምጃ ለማስላት የቱን ስኪም (የስሌት ዘዴ) ልጠቀም?» ሲባል ብዙ ሰው አፉ ላይ የሚመጣለት መልስ አንድ ነው፤ አራተኛ ደረጃ ሩንገ-ኩታ። በቃ፣ ጨዋታ አለቀ። መልሱ ክፉ አይደለም፣ ብዙ ጊዜም ያዋጣል። ግን ጥያቄው ራሱ ገና ግማሽ ነው። ቅንጣቱ ምንድን ነው? ጭስ ነው፣ የውሃ ጠብታ ነው፣ አሸዋ ነው? የፍሰቱ ፍጥነት የሚነበበውስ ከየት ነው? ሲሙሌሽኑ እየሮጠ ሳለ ከሜሹ (ፍሰቱ ከተከፋፈለበት የትንንሽ ሴሎች መረብ) ላይ ነው ወይስ በየ6 ሰዓቱ ከተቀመጠ የአየር ሁኔታ ፋይል? ይሄ ሳይጣራ ስኪም መምረጥ የእግርን ቁጥር ሳያውቁ ጫማ እንደመግዛት ነው።

የኔ አቋም ባጭሩ፦ የስኪሙ ስም ሦስተኛ ነው። አንደኛ የቅንጣቱ የራሱ ሰዓት ይታወቅ። ሁለተኛ ፍጥነቱ ከሜሹ ላይ እንዴት እንደሚነበብ ይታይ። ስኪሙ ከዚያ በኋላ ይመጣል፣ እንዲያውም ሁለቱን በደንብ ከመለሳችሁ ምርጫው ራሱ ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል።

መጀመሪያ ቅንጣቱ ምን ዓይነት ነው?

ሁለት ዓይነት ነው ያለው። አንደኛው ፍሰቱ በወሰደው የሚሄድ ነው፣ የራሱ ሐሳብ የለውም። ትሬሰር ይባላል። በአየር ውስጥ ያለ ጋዝ፣ በከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ የሟሟ ብክለት እዚህ ይገባሉ። የሚፈታው ቀመር አንድ ብቻ ነው፤ የቅንጣቱ ፍጥነት ባለበት ቦታ ካለው የፍሰቱ ፍጥነት ጋር እኩል ነው።

ሁለተኛው የራሱ ክብደት ያለው ነው። ፍሰቱ ሲታጠፍ እሱ ትንሽ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። እዚህ ሁለት ቀመር አለ፤ አንዱ ለቦታው፣ ሌላው ለፍጥነቱ። ማክሲና ራይሊ እ.ኤ.አ በ1983 ያወጡት ቀመር ሙሉውን ዝርዝር ይዟል፤ ድራግ (ፈሳሹ ቅንጣቱን የሚጎትትበት ኃይል)፣ ስበት፣ ቅንጣቱ አብሮ የሚገፋው የፈሳሽ ክብደት፣ ሌላው ቀርቶ የቅንጣቱን ያለፈ ታሪክ የሚያስታውስ ኃይል ጭምር። ደግነቱ ለውሃ ጠብታ ወይም ለአቧራ በአየር ውስጥ ድራግና ስበት ብቻ ብዙውን ጊዜ ይበቃሉ፣ ምክንያቱም አየሩ ከቅንጣቱ አንጻር በጣም ቀላል ነው። በውሃ ውስጥ ላለ የአየር አረፋ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አብሮ የሚገፋውን ውሃ ከተዋችሁት ውጤቱ ከእውነት ጋር አይገናኝም።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ክብደት ያለው ቅንጣት የፍሰቱን ፍጥነት ለመያዝ የሚፈጅበት ጊዜ አለ፣ የምላሽ ጊዜ እንበለው። ለትንሽ ክብ ቅንጣት አሰላሉ ቀላል ነው። የቅንጣቱን እፍጋት በዲያሜትሩ ካሬ ታባዛላችሁ፣ ከዚያ ለ18 እጥፍ የፈሳሹ ቪስኮሲቲ (ዝልግልግነት) ታካፍላላችሁ። በተራ አየር ውስጥ ያለ የውሃ ጠብታ እንውሰድ። 1 ማይክሮን ከሆነ የምላሽ ጊዜው ወደ 3 ማይክሮሰከንድ ነው። 10 ማይክሮን ከሆነ 0.31 ሚሊሰከንድ። 50 ማይክሮን ላይ 7.7 ሚሊሰከንድ ይደርሳል። ዲያሜትሩ በካሬ ስለሚገባ መጠኑ 10 እጥፍ ሲያድግ ጊዜው 100 እጥፍ ያድጋል። አንድ የስፕሬይ ሲሙሌሽን ውስጥ ሁሉም መጠኖች ተደባልቀው ነው የሚገኙት፣ ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

ይሄንን ቁጥር ከፍሰቱ ሰዓት ጋር አወዳድሩት። በጣም ትንሽ ከሆነ ሁለተኛውን ቀመር ጨርሶ መተው ይቻላል። ቅንጣቱን እንደ ትሬሰር ታዩትና የመውደቂያ ፍጥነቱን ትደምሩበታላችሁ። ብዙ ሰው ይሄን አማራጭ አይቆጥረውም፣ እኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ምርጫ እሱ ይመስለኛል።

ምሳሌው ሩቅ አይደለም። በህዳር 2018 ዓ.ም አፋር ውስጥ ሀይሊ ጉቢ ሲፈነዳ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንን፣ ኦማንን፣ ከዚያም ህንድን አዳርሷል። 10 ማይክሮን የሆነች የአመድ ቅንጣት እንውሰድ፤ እፍጋቷ ከውሃ 2.5 እጥፍ ይሁን። የምላሽ ጊዜዋ ወደ 0.77 ሚሊሰከንድ ይመጣል። የመውደቂያ ፍጥነቷ በሰከንድ 7.6 ሚሊሜትር ያህል ነው፣ ማለትም ከ10 ኪሎ ሜትር ከፍታ ዝም ብላ ብትወርድ በግርድፉ 15 ቀን ይፈጅባታል። አሁን የፍጥነቱን ቀመር በኤክስፕሊሲት ስኪም (ቀጣዩን አሁን ከሚታወቀው ብቻ በሚያሰላ) ልፍታ ብትሉ የአንድ ቀን ጉዞ ብቻ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር እርምጃ ይጠይቃል፣ ለአንዲት ቅንጣት። ነፋሱን ተከተሉ፣ 7.6 ሚሊሜትሩን ቀንሱ፣ አበቃ።

ለትሬሰር፦ ኦይለር፣ ሁለተኛ ደረጃ፣ አራተኛ ደረጃ

«ደረጃ» ማለት እርምጃው ሲያጥር ስህተቱ ምን ያህል ቶሎ እንደሚቀንስ ነው፤ ደረጃው ከፍ ሲል ፈጥኖ ይቀንሳል። እዚህ ንጽጽሩ ንጹህ ስለሆነ በቁጥር እንየው። አንድ አዙሪት አለ፣ እንደ ጎማ እኩል የሚሽከረከር። ቅንጣቷ ክቡን ዞራ የተነሳችበት ቦታ መመለስ አለባት። አንዱን ዙር በ100 እርምጃ እንከፋፍለው።

ተራው ኤክስፕሊሲት ኦይለር በእያንዳንዱ እርምጃ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ሁልጊዜ ከክቡ ትንሽ ወደ ውጭ ይወጣል። በአንድ ዙር መጨረሻ ላይ ራዲየሱ 22 በመቶ አድጓል። በ10 ዙር 7 እጥፍ ሆኗል። 100 እርምጃ በዙር እኮ ትንሽ የሚባል አይደለም! ኢምፕሊሲት ኦይለር (በእርምጃው መጨረሻ ላይ ያለውን ፍጥነት የሚጠቀመው) ደግሞ ተቃራኒውን ይሠራል፤ በአንድ ዙር 18 በመቶ ያህል ወደ ውስጥ ይጠባል። ሁለቱም ይዋሻሉ፣ በተለያየ አቅጣጫ። ኤክስፕሊሲቱን ያየ ሰው «አዙሪቱ ቅንጣቶችን ይበትናል» ብሎ ይደመድማል፣ ኢምፕሊሲቱን ያየ «ይሰበስባል» ይላል። አዙሪቱ ሁለቱንም አላደረገም።

«ሩንገ-ኩታ እኮ በአንድ እርምጃ አራት ጊዜ ፍጥነት ያነባል፣ ውድ ነው» የሚል ክርክር ሁሌም አለ። እሺ፣ ወጪውን እኩል እናድርገው። ለሁሉም በዙር 100 የፍጥነት ንባብ እንስጥ። ኦይለር 100 እርምጃ ይሄዳል፣ ሁለተኛ ደረጃው 50፣ አራተኛ ደረጃው 25 ብቻ። በዙር የራዲየስ ስህተታቸው፦ ኦይለር 22 በመቶ፣ ሁለተኛ ደረጃ 0.16 በመቶ፣ አራተኛ ደረጃ 0.004 በመቶ። ስለዚህ ለትሬሰር ተራ ኦይለርን የሚያስመርጥ ምክንያት የለም ማለት ይቻላል። ኮዱ ሁለት መስመር ስለሆነ ብቻ ነው እስከዛሬ የሚኖረው።

በሁለተኛና በአራተኛ ደረጃ መካከል ግን ነገሩ ይህን ያህል ግልጽ አይደለም። በከባቢ አየር ሥራ የሚታወቁት ሃይስፕሊትና ፍሌክስፓርት የተባሉ ሞዴሎች የሚጠቀሙት ሁለተኛ ደረጃ ዘዴ ነው፣ ፔተርሰን እ.ኤ.አ በ1940 ያቀረበውን። መጀመሪያ በኦይለር አንድ ግምት ይወሰዳል፣ ከዚያ የመነሻውና የመድረሻው ፍጥነት አማካይ ተወስዶ እርምጃው እንደገና ይሠራል። ሃይስፕሊት የአሜሪካው የውቅያኖስና የከባቢ አየር ተቋም የኖኣ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ በ2020 የአንበጣ መንጋ ኢትዮጵያን ጨምሮ ምሥራቅ አፍሪካን ሲያስጨንቅ ከፋኦ ጋር ሆነው ለመንጋ ጉዞ ትንበያ ያዘጋጁት እሱኑ ነው። በውቅያኖስ በኩል ደግሞ ፓርሰልስ የተባለው የፓይተን መሣሪያ አራተኛ ደረጃውን ያዘወትራል። ታዲያ የአየሩ ሰዎች ሰነፍ ናቸው? አይደሉም። ነፋሱ ራሱ በየ3 ወይም በየ6 ሰዓቱ ብቻ ሲታወቅ፣ የነፋሱ ስህተት የስኪሙን ስህተት ውጦ ያስቀረዋል። ሦስተኛና አራተኛ ዲጂት ማጥራት ትርፉ ድካም ነው።

የእርምጃውን ርዝመት ግን አትርሱ። ሃይስፕሊት ቅንጣቱ በአንድ እርምጃ ከግሪዱ (የነፋሱ መረጃ ከተቀመጠበት መረብ) የአንድ ሴል ርዝመት 0.75 በላይ እንዳይሄድ ይገድባል። ግሪዱ 25 ኪሎ ሜትር፣ ነፋሱ በሰከንድ 30 ሜትር ከሆነ እርምጃው ከ10 ደቂቃ ብዙም አይበልጥም ማለት ነው።

እርምጃውን ራሱ የሚያስተካክለው የዶርማንድና ፕሪንስ ዓይነት ስኪምስ? በፓይተኑ ሳይፓይ ውስጥ መደበኛው እሱ ነው። ፍጥነቱ በቀመር ሲሰጥ በጣም ደስ ይላል። ከሜሽ ሲነበብ ግን ይነጫነጫል፤ ምክንያቱ ቀጥሎ ይመጣል። በጂፒዩ (ብዙ ቅንጣት በአንድ ጊዜ በሚያሰላ የግራፊክስ ቺፕ) ላይ ደግሞ አንዷ አስቸጋሪ ቅንጣት ጎረቤቶቿን ሁሉ ታስጠብቃለች፣ ቋሚ እርምጃ እዚያ ይሻላል።

ክብደት ላለው ቅንጣት፦ እዚህ ጋ ጉድ ይፈላል

ያቺን 10 ማይክሮን ጠብታ መልሰን እንያዝ፤ የምላሽ ጊዜዋ 0.31 ሚሊሰከንድ ነው። ፍሰቱ የተረጋጋ ነው፣ ጠብታዋ ከአየሩ በሰከንድ 1 ሜትር ትፈጥናለች። እውነተኛው ታሪክ አጭር ነው፤ ልዩነቱ ወዲያው ይጠፋል። እርምጃችን 1 ሚሊሰከንድ ይሁን። ትንሽ ይመስላል አይደል? እርምጃ በእርምጃ እንየው።

በኤክስፕሊሲት ኦይለር ልዩነቱ 1 የነበረው በአንድ እርምጃ −2.24 ይሆናል። ቀጥሎ 5። ቀጥሎ −11። ቀጥሎ 25፣ ከዚያ −56። በአምስት ሚሊሰከንድ ውስጥ ጠብታዋ በሰከንድ 56 ሜትር ወደ ኋላ እየበረረች ነው። «አራተኛ ደረጃውን ልሞክር» ካላችሁ በእያንዳንዱ እርምጃ በ1.93 ይባዛል። ያው ነው፣ ዝግ ብሎ ከቁጥጥር ይወጣል። እዚህ ላይ ነው «ሩንገ-ኩታ በቃ» የሚለው መልስ የሚከዳችሁ። ደረጃው ከፍ ማለቱ ከመረጋጋት ጋር ብዙም አይገናኝም። ኦይለር ከምላሹ ጊዜ 2 እጥፍ በታች እርምጃ ይፈልጋል፣ አራተኛ ደረጃው 2.78 እጥፍ ገደማ ይችላል። ልዩነቱ ይቺው ናት፣ ለዚያውም በአራት እጥፍ ወጪ።

ኢምፕሊሲት ኦይለርን ስጡት፤ ልዩነቱ 0.24 ይሆናል፣ ከዚያ 0.06፣ እያለ ይሞታል። እርምጃው የፈለገውን ያህል ቢረዝም አይደነግጥም። ትክክለኛው መልስ 0.04 ስለነበር ትንሽ ዘግይቷል፣ ግን በሕይወት አለ። ትራፔዞይዳሉ (የእርምጃውን መነሻና መድረሻ አማካይ የሚወስደው) ደግሞ −0.24 ይሰጣል። አይፈነዳም፣ ግን ምልክቱን ቀይሯል፤ እርምጃው በጣም ሲረዝም ልዩነቱ ሳይሞት ወዲህና ወዲያ ሲወዛወዝ ይኖራል። ሁለተኛ ደረጃ ስለሆነ ብቻ ከኢምፕሊሲቱ ይሻላል ብላችሁ አትሸወዱ።

ሌላ አማራጭ አለ፣ እኔ የምወደው እሱን ነው። በአንድ እርምጃ ውስጥ የፍሰቱ ፍጥነት አይለወጥም ብለን ከወሰድን የድራግ ቀመሩ በእስክሪብቶ ይፈታል፤ ኤክስፖኔንሻል ነው የሚሆነው። ያንን መፍትሔ በቀጥታ ኮዱ ውስጥ ማስገባት ነው። አናሊቲካል ወይም ኤክስፖኔንሻል ስኪም ይባላል። ከላይ ላለው ምሳሌ ልክ 0.04ን ይሰጣል። ለትንሿም ለትልቋም ጠብታ በአንድ እርምጃ ይሠራል፣ የተደባለቀ መጠን ላለው ስፕሬይ ዓይነተኛ ነው።

ግን ሁለት ነገር ይጠየቅበታል። አንደኛ፣ ቦታውም በዚያው መፍትሔ ይዘመን። ፍጥነቱን በኤክስፖኔንሻል አስልተው ቦታውን ግን በአሮጌው ፍጥነት የሚገፉ ኮዶች አሉ፤ ያ በግማሽ ኤክስፕሊሲት ኦይለር ነው፣ ጥቅሙ ግማሹ ይጠፋል። ሁለተኛ፣ «ፍሰቱ አይለወጥም» ያልነው ውሸት የሚሆንበት ቦታ አለ። ጠብታዋ በአንድ እርምጃ ሦስት ሴል ካቋረጠች የመጀመሪያው ሴል ፍጥነት ለሦስተኛው አይሠራም። ስለዚህ መረጋጋቱ ነጻ ቢያወጣችሁም በአንድ እርምጃ ከአንድ ሴል ክፍልፋይ በላይ አትሂዱ። ጠብታዋ ትልቅና ፈጣን ስትሆን ድራጉ ራሱ ከፍጥነቱ ጋር ይለዋወጣል። ያን ጊዜ የምላሹን ጊዜ በየእርምጃው አስልቶ በእርምጃው ውስጥ ቋሚ አድርጎ መውሰድ የተለመደ ነው፣ ደግሞም ያስኬዳል።

የፍሰት ሲሙሌሽን ሶፍትዌሮቹ ምን ይሰጣሉ? ፍሉዌንት ውስጥ ኢምፕሊሲት፣ ትራፔዞይዳል፣ አናሊቲክና ሩንገ-ኩታ አሉ። አውቶማቲኩ ትራፔዞይዳልን እንደ ከፍተኛ ደረጃ፣ ኢምፕሊሲትን እንደ መጠባበቂያ አድርጎ እንደሁኔታው ይቀያይራል፤ ካላስቸገራችሁ ተዉት። ኦፕን ፎም ውስጥ ለፍጥነቱ ኦይለርና አናሊቲካል ናቸው ያሉት። «ኦይለር» ሲል አይታችሁ አትደንግጡ፣ ድራጉን የሚይዘው በኢምፕሊሲት መንገድ ነው። ስሙ አንድ ሆኖ ሥራው የሚለያይበት ብዙ ቦታ አለ፣ ስለዚህ በምናሌው ላይ ያለውን ስም ሳይሆን ኮዱን ወይም ማኑዋሉን እመኑ።

ብዙ ሰው የሚረሳው፦ ፍጥነቱ ከሜሹ ላይ እንዴት ይነበባል?

አሁን ወደ እውነተኛው ወንጀለኛ እንምጣ። ቅንጣቷ ሁልጊዜ በሴሎች መካከል ናት፣ ፍጥነቱ ግን በሴል መሐል ወይም በጠርዝ ላይ ነው የተቀመጠው። መሐል ላይ ያለውን መገመት አለባችሁ፤ ይሄ ኢንተርፖሌሽን ይባላል።

ቀላሉ «በዚህ ሴል ውስጥ ሁሉ ፍጥነቱ አንድ ነው» ማለት ነው። በኦፕን ፎም «ሴል» የሚባለው ምርጫ ይሄ ነው። ቅንጣቷ ከሴል ወደ ሴል ስትሻገር ፍጥነቱ ይዘላል። በዚህ ላይ አራተኛ ደረጃ ሩንገ-ኩታ መጫን ገንዘብ መጣል ነው፣ ምክንያቱም አራተኛ ደረጃ የሆነው ፍጥነቱ ለስላሳ ነው ተብሎ ተገምቶ ነው። «ሴል ፖይንት» የሚለው ከሴሉ መሐልና ከማዕዘኖቹ አጣምሮ ስለሚገምት ፍጥነቱ አይዘልም። ቢያንስ እሱን ውሰዱ።

ሊኒየር ኢንተርፖሌሽንም ቢሆን ፍጥነቱን ያያይዝ እንጂ የለውጡ መጠን በሴሉ ድንበር ላይ ይሰበራል። አንድ እርምጃ ድንበሩን ሲሻገር የአራተኛ ደረጃው ስኪም የገባው ቃል አይሠራም። ራሱን የሚያስተካክለው ስኪም የሚነጫነጨውም ለዚህ ነው፤ በየድንበሩ ስህተት አየሁ ብሎ እርምጃውን ይቆራርጣል። ያ ችግር ከሆነባችሁ ስኪሙን ሳይሆን ኢንተርፖሌሽኑን ወደ ኪዩቢክ ከፍ አድርጉ። ወይም ሁለተኛ ደረጃ ስኪም ላይ ቁጭ በሉና በተረፈው ጊዜ ተጨማሪ ቅንጣት ልቀቁ።

በጊዜ በኩልም ያው ነው። መረጃው በየ3 ሰዓቱ ከሆነ እርምጃችሁ 3 ሰዓትን እኩል የሚያካፍል ይሁን። 5 ወይም 10 ደቂቃ ጥሩ ነው። 7 ደቂቃ አይሆንም፤ አንዳንዱ እርምጃ የመረጃውን ሰዓት ረግጦ ያልፋል፣ እዚያ ላይ ለውጡ ይሰበራል። ወጪ የሌለው ማሻሻያ ነው፣ አንድ ቁጥር መቀየር ብቻ።

ስኪም ሳያስፈልግ በቀመር የሚፈታበት ቦታ

የከርሰ ምድር ውሃ ሰዎች ይሄን ሁሉ ጣጣ በአንድ ብልሃት አልፈውታል። ፖሎክ እ.ኤ.አ በ1988 ያሳተመው ዘዴ ፍጥነቱ በሴሉ ውስጥ ከአንዱ ገጽ ወደ ትይዩው ገጽ ቀጥ ባለ መስመር ይለወጣል ይላል፣ በእያንዳንዱ አቅጣጫ ለየብቻ። ያን ጊዜ ቅንጣቷ በየት በኩል፣ በስንት ሰዓት ከሴሉ እንደምትወጣ በቀመር ይታወቃል። የጊዜ እርምጃ የለም። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ሞድፓዝ የሚሠራው በዚህ ነው፣ በውቅያኖስ በኩል ትራክማስና አሪያን ተመሳሳይ መንገድ ይከተላሉ።

ትልቁ ጥቅሙ ድንበር ላይ ነው። ውሃ የማያሳልፍ ግድግዳ ላይ የገጹ ፍጥነት ዜሮ ስለሆነ ቅንጣቷ ግድግዳውን ዘልቃ አትወጣም። በሩንገ-ኩታ ግን ባሕር ዳርቻ አጠገብ ያለች ቅንጣት በእርምጃዋ መሐል የብስ ላይ ያለ ፍጥነት ልታነብ ትችላለች፣ ከዚያ ዳርቻው ላይ ተጣብቃ ትቀራለች። ሥራችሁ በሐይቅ ዳርቻ ወይም በጉድጓድ ዙሪያ ከሆነ ሜሹም አራት ማዕዘን ከሆነ ይሄን አስቡበት። ሜሹ የተዘበራረቀ ቅርጽ ካለው ግን ነገሩ ይወሳሰባል። ፍሰቱ ከጊዜ ጋር ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጥ ከሆነም ውበቱ ይቀንሳል።

ዘፈቀደ ሲጨመር

ቱርቡለንስን (የፍሰቱን ብጥብጥ) በዘፈቀደ እርምጃ የምትጨምሩ ከሆነ የደረጃ ጨዋታው ይለወጣል። ዘፈቀደው የሚያድገው በጊዜው ስኩዌር ሩት ስለሆነ ለተራው ስኪም የግማሽ ደረጃ ትክክለኛነት ብቻ ነው የሚተርፈው፣ ዱካ በዱካ ካየነው። ለአማካይና ለስርጭት አንደኛ ደረጃ ይሆናል፣ ለአብዛኛው ሥራም የሚያስፈልገው ያ ነው። ስለዚህ በዋናው ፍሰት ላይ አራተኛ ደረጃ ጭናችሁ ዘፈቀደውን በተራ መንገድ ብትደምሩ ሰንሰለቱ በደካማዋ ቀለበት ልክ ነው።

ከስኪሙ ይልቅ የሚጎዳው አንድ የተረሳ ድምር ነው። የመበተን መጠኑ ከቦታ ቦታ ሲለያይ፣ ለምሳሌ ከውሃው ወለል ወደ ታች ሲቀንስ፣ የልዩነቱን ቁልቁለት እንደ ተጨማሪ ፍጥነት መደመር ግድ ነው። ካልደመራችሁ ቅንጣቶቹ ጸጥ ያለው ቦታ ላይ ይከማቻሉ። ማንም ሳይሰበስባቸው! ቪሰር እ.ኤ.አ በ1997 ለውቅያኖስ ሰዎች ይሄን በግልጽ አሳይቷል። ፈተናው ቀላል ነው፤ ቅንጣቶቹን እኩል በትኑና ልቀቋቸው። ከብዙ ጊዜ በኋላም እኩል ተበትነው ካልቆዩ ኮዱ ስህተት አለበት።

የቅንጣት ቁጥርም አለ። የስታቲስቲክሱ ስህተት የሚቀንሰው በቁጥሩ ስኩዌር ሩት ነው፤ አንድ ዲጂት ለማሻሻል 100 እጥፍ ቅንጣት። በዘፈቀደ ሥራ ጊዜያችሁን እዚያ ላይ አውሉት።

ግጭት ካለ

ቅንጣቶቹ እርስ በእርስ የሚጋጩ ከሆነ፣ እንደ እህል ወይም ጠጠር፣ ቬሎሲቲ ቬርሌት የተባለውን ስኪም ውሰዱ። ኢነርጂውን በደንብ ይጠብቃል፣ በእርምጃ አንድ ጊዜ ብቻ ኃይል ያሰላል፤ ላምፕስ በተባለው የቅንጣት ሶፍትዌር ውስጥ መደበኛው ይሄ ነው። እርምጃው የሚወሰነው በግጭቱ ቆይታ ነው፣ ፍሰቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ሌላ ብዙ የሚባል የለውም።

ሰኞ ጠዋት ምን ልምረጥ?

ትሬሰር ከሆነና ፍሰቱ ከፋይል የሚነበብ ከሆነ ሁለተኛ ደረጃ ይበቃል፣ አራተኛ ደረጃም አይጎዳም። ፍሰቱ በደንብ የተፈታ፣ ኢንተርፖሌሽኑም ለስላሳ ከሆነ አራተኛ ደረጃ። ትንሽና ክብደት ያለው ቅንጣት በአየር ውስጥ ከሆነ አናሊቲካል፣ እሱ ከሌለ ኢምፕሊሲት። ቅንጣቱ ትልቅና ዘገምተኛ ምላሽ ያለው፣ እርምጃውም ከምላሹ ጊዜ በጣም ያነሰ ከሆነ አዳምስ-ባሽፎርዝም ያስኬዳል፤ በእርምጃ አንድ ንባብ ብቻ ነው የሚፈልገው። ግን ያለፈውን ፍጥነት ማስታወስ ስላለበት ቅንጣቷ ከፕሮሰሰር ወደ ፕሮሰሰር ስትሻገር ታሪኳን ይዛ መሄድ አለባት፣ ይሄን የረሳ ኮድ ምክንያቱ የማይታወቅ ትንንሽ ዝላይ ያሳያል።

ከመረጣችሁ በኋላ እርምጃውን በግማሽ ቀንሳችሁ ሩጡ፣ ከዚያ እንደገና በግማሽ። በተከታታይ ሩጫዎች መካከል ያለው ልዩነት ለአንደኛ ደረጃ በ2፣ ለሁለተኛ ደረጃ በ4፣ ለአራተኛ ደረጃ በ16 ገደማ መቀነስ አለበት። አራተኛ ደረጃ መርጣችሁ 4 ብቻ ካያችሁ ስኪሙን አትውቀሱ፣ ኢንተርፖሌሽኑን ክፈቱት። ለከባድ ቅንጣት ደግሞ ጸጥ ባለ አየር ውስጥ ጠብታ ጣሉ። የ50 ማይክሮኗ የመጨረሻ ፍጥነት በሰከንድ 7.5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ሌላውን ሁሉ ማየት አያስፈልግም።

የቀረ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ከየት መጣ?» የሚለው። ለትሬሰር ቀላል ነው፣ እርምጃውን ኔጋቲቭ አድርጋችሁ ወደ ኋላ ትሮጣላችሁ፤ ዘፈቀደ ከሌለ ያው ስኪም ይሠራል። ክብደት ላለው ቅንጣት ግን አትሞክሩት። ወደ ፊት በኤክስፖኔንሻል የሚሞተው የፍጥነት ልዩነት ወደ ኋላ በኤክስፖኔንሻል ያድጋል፣ ኢምፕሊሲትም አናሊቲካልም አያድናችሁም፤ ችግሩ ከቀመሩ ነው። መነሻው ሊሆን ይችላል ከምትሉት ቦታ ሁሉ ብዙ ቅንጣት ወደ ፊት ልቀቁ፣ ከዚያ የደረሱትን ብቻ አንጥራችሁ መነሻቸውን እዩ።